ከቀዶ ጥገና በኋላ የቁስል አጠባበቅ

ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና የወጣለት ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕክምናው ተፈጸመ ማለት አይደለም። የተሰፋው ቆዳ በ48 ሰዓት ገደማ ከላይ ይገጥማል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ገና አልጠናም። ጠባሳው ከ3 ወር በኋላ እንኳ የሚኖረው ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ስለ ደረቀ ብቻ ድኛለሁ ብሎ እንጨት መፍለጥ ወይም በእንስራ ውኃ መሸከም ስፌቱን ሊተረትረው ይችላል።

አስታማሚው ቁስሉን ከመንካቱ በፊት እጁን በውኃና በሳሙና መታጠብ ይገባዋል። ፋሻው ቢረጥብ ወይም ቢቆሽሽ በንጹሕ ይለወጥ። ቅቤ፣ አመድ ወይም የቅጠል ጭማቂ መቀባት ግን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን ወደ ቁስሉ ማስገባት ነው። ስፌቱም የሚወጣው ሐኪሙ በቀጠረው ቀን በባለሙያ እጅ ነው።

ጥቂት ማሳከክ ቁስል ሲድን የሚታይ ነገር ስለ ሆነ አያስፈራም። ይሁን እንጂ የቁስሉ ዙሪያ እየቀላ፣ እያበጠና እየጋለ ቢሄድ፣ መግል ቢቋጥር ወይም ሰውነት ቢያተኩስ፣ ቁስሉ አመርቅዟልና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ምልክት ከቀዶ ጥገናው በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊታይ ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ከስፌቱ መውጣት ጋር ማብቃት የለበትም።