ጠዋት ተቀብላ ማታ የምታስረክበን ጎረቤታችን

የሱብሒን ሶላት ሰግደን ከመስጂድ ስንወጣ፣ ከአጥሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ እናቶች ዩኒፎርም የለበሱ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ አያለሁ። ገና 12 ሰዓት ተኩል አልሞላም። አንዷ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፣ አንዷ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ሌላዋ መርካቶ ሱቅ አላት። የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ለመድረስ ይጣደፋሉ። የትምህርት ቤቱ በር ግን የሚከፈተው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በመካከል ያለውን አንድ ሰዓት፣ ከዚያም ልጆቹ ከሚለቀቁበት 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ የምትሸፍነው የዚያች ቤት እመቤት ናት።

ሰባት ልጆች ትይዛለች፤ ከራሷ ሁለት ልጆች ጋር ዘጠኝ ይሆናሉ። በሯ ላይ "የሕፃናት ማቆያ" የሚል ታፔላ የለም። ያለው አንድ ሳሎን፣ የተነጠፈ ሰሌን፣ በየሚስማሩ የተሰቀለ ቦርሳና የምሳ ዕቃ ነው። ጠዋት ቁርስ ታበላለች፣ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት መልሳ ታመጣለች፣ የቤት ሥራ ታሠራለች። ልጆቹ "እትዬ" ይሏታል።

በሸዕባን የመጨረሻ ሳምንት ይህች ሴት ከዐስር ሶላት በኋላ እኔ ዘንድ መጣች። "ኡስታዝ፣ ረመዷን ሲያልቅ ልጆቹን መያዝ አቆማለሁ። ወላጆቹ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ እርስዎ ይንገሩልኝ" አለችኝ። ምን ገጠመሽ አልኳት። መጀመሪያ "ደከመኝ" ብቻ አለች። ስጠይቃት ስጠይቃት ቀስ በቀስ ወጣ። ከሰባቱ የሦስቱ ወላጆች በጊዜው አይከፍሉም። አንዱ አባት "ልጄ ዘንድሮ ስለሚጾም ቁርስና መክሰስ አይበላም፤ ሒሳቡ ይቀነስልኝ" ብሏታል። ሌላዋ ደግሞ ሦስት ወር አልከፈለችም።

"ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አፌን ያዘኝ፤ የሦስት ወር ያለባት የእርስዎ ልጅ ናት።"

የማወራበት ሚንበር እስኪጠፋኝ ድረስ አፈርኩ። ስለ ሠራተኛ ሐቅ ስንት ጁሙዓ ኹጥባ አድርጌያለሁ። የልጅ ልጄ ግን በየቀኑ እዚያ ቤት ሲገባና ሲወጣ እያየሁ፣ ማን ምን እንደሚከፍል አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ማታ ልጄን ጠርቼ ጠየቅኳት። "አባዬ፣ እሷ እኮ ጎረቤት ናት፤ ባሏም ይሠራል። ደግሞ ስንት ጊዜ ልብስ ሰጥቻታለሁ" አለችኝ። ክፋት የላትም። ብዙዎቻችን የምናስበውን ነው የተናገረችው፤ ጎረቤት ልጅ ሲይዝ ውለታ ነው፣ ውለታ ደግሞ ሲመች ይከፈላል ብለን እናስባለን።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። እኔ ያደግኩት ወሎ ነው። እናቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርድ እኔንና እህቴን ለጎረቤት ትታን ትሄድ ነበር፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው አላየሁም። አሁን ሳስበው ግን በነፃ አልነበረም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጨውም ቡናም ታመጣላቸዋለች፣ የእነሱ እናት ስትወልድ ወር ሙሉ እንጀራ የጋገረችው እሷ ናት፣ በአጨዳም አባቴ ለደቦ ይወጣል። ውለታው ዙሮ ይመለስ ነበር። ዛሬ ባንክ የምትውለው እናት የጎረቤቷን ልጅ የምትይዝበት ቀን የላትም። አያቶችም ቢሆኑ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሲበታተን ሌላ ጫፍ ቀርተዋል። ውለታው መመለሻ መንገድ ሲያጣ በቦታው የሚተካው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከቀረ ውለታ መሆኑ አብቅቶ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ የተጣለ ሸክም ይሆናል።

በሸሪዓችን ይህ ጉዳይ ስም አለው፤ ኢጃራ ይባላል። ሥራው የታወቀ፣ ጊዜው የታወቀ፣ ክፍያው የታወቀ መሆን አለበት። በሱረቱል ቀሶስ የመድየኑ አዛውንት ሙሳን (ዐ.ሰ) ሲቀጥሩ ስምንት ዓመት ብለው ወስነው፣ አሥር ቢሞላ ግን ከሙሳ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን ለይተው ነው የተናገሩት። በሱረቱ ጦላቅ 6ኛው አያህ ደግሞ የተፈታች ሴት የገዛ ልጇን ስታጠባ እንኳ አባትየው ክፍያዋን እንዲሰጣት ታዟል። እናት ለወለደችው ልጅ ይህ ከተደረገላት፣ የሰው ልጅ ለምትይዝ ጎረቤት ምን ሊባል ነው? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲ፣ የቂያማ ዕለት አላህ ራሱ ባላጋራቸው ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ጨርሶ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ እንደሆነ ነግረውናል።

ልጄ የሰጠችው ልብስ ስጦታ ነው፤ አጅሯ አይጠፋም። ከደመወዝ ላይ ግን አይቀነስም፤ ሲሰጥ እንደዚያ ተብሎ አልተሰጠምና። ዋጋ ሳይቆርጡ የጀመሩ ወላጆችም ነበሩ። ፉቀሃዎች ለዚህ "ኡጅረቱል ሚስል" የሚሉት መፍትሔ አላቸው፤ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለው ይታይና በዚያ ይታሰባል።

የሚጾመው ልጅ አባት ጉዳይስ? የምግቡ ዋጋ ለብቻው ተቆጥሮ ከነበረ መነጋገር ይችላሉ። እሷ ግን በዋናነት የምትሸጠው ጊዜዋንና ዓይኗን ነው። የጾመ ልጅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከበላ ልጅ ይልቅ ብዙ ዓይን ይፈልጋል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በረመዷን ሦስተኛው ቀን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዞረበትና መንገድ ላይ ተቀመጠ። ሴትየዋ ውኃና ዳቦ ሰጠችው። እናትየው ማታ ስትሰማ "ጾሙን አስፈታሽብኝ" ብላ ተቆጣች። ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። ጾም ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ግዴታ አይደለም፤ የሚጾመው እንዲለማመድ ነው። ሶሐቢይቷ ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ የዓሹራን ጾም ልጆቻቸውን ሲያለማምዱ፣ ምግብ ፈልጎ ላለቀሰው ልጅ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ እየሰጡ እስከ ፍጡር እንዴት እንደሚያቆዩት ተርከዋል፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። በመጫወቻ የሚታለፍ ረሃብ አለ፤ ዓይን የሚያዞር ረሃብ ግን ሌላ ነው። ሴትየዋ ትክክል ነበረች፤ ለእናትየውም ይህንኑ ነገርኳት። ብትከለክለውና ልጁ ቢወድቅ ኖሮ ነበር የምትጠየቀው።

በእሷም ላይ ግዴታ አለ፤ ይህንም ሳልሸሽግ ነገርኳት። ልጆቹ እጇ ላይ አማና ናቸው። ፉቀሃዎች እንደሚሉት አማና የተሰጠው ሰው ወሰን ካላለፈ ወይም ካልተዘናጋ በደረሰው ጉዳት አይጠየቅም። ጥያቄው መዘናጋት ምንድን ነው የሚለው ነው። በረመዷን የእኔ ትልቁ ፍርሃት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሳምቡሳው በዘይት ይጠበሳል፣ ሾርባው ይፈላል፣ ዘጠኝ ልጅ ደግሞ በአንድ ሳሎን ይሯሯጣል። ቡታ ጋዙን ወደ ጓሮ አውጥታ በሩን እንድትዘጋ፣ ካልሆነም መጥበሱን ልጆቹ ሲሄዱ እንድታደርገው ተስማማን። ልጅን ከተነገራት ሰው ውጭ ለማንም እንዳትሰጥ፣ "አጎቱ ነኝ" ቢላትም፣ ቢቆጣም፣ ስልክ ደውላ ሳታረጋግጥ እንዳታስረክብ ተባለ።

ከሰባቱ አንዷ የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ ናት። ረመዷንና ዐቢይ ጾም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተገናኝተው ስለሚውሉ፣ ለእሷ ቅቤ የሌለው ሽሮ ለብቻ ይሠራላታል። ማንም ያዘዛት የለም።

በረመዷን አምስተኛው ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ወላጆቹን መስጂዱ ግቢ ሰበሰብኳቸው፤ ክርስቲያኗም እናት መጣች። ከቁርአን ረጅሙ አያህ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ብድርን ስለ መጻፍ ነው፤ እኛም ወረቀት አውጥተን ጻፍን። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የሚዘገይ ወላጅ የሚጨምረው፣ በወር ስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ልጁን ማን እንደሚወስድ፣ ልጁ ይጾም አይጾም፣ ቢታመም ለማን እንደሚደወል፣ ማቆም የፈለገ ወገን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ። ልጄ የሦስት ወሩን እዚያው ቆጥራ ሰጠች። እኔ ልከፍልላት አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ "ያለባት እሷ ናት፣ እሷ ትክፈል" ብላ ከለከለችኝ፤ ደግ አደረገች።

አንድ አባት ለብቻው ጠርቶኝ "ኡስታዝ፣ ያለብኝን በዘካ ብይዘውስ? እሷም ብዙ የላትም" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዘካ ግዴታህን የምትወጣበት ነው፤ ዕዳህን የምትከፍልበት አይደለም። መጀመሪያ ላቧን ክፈላት፤ ከዚያ በኋላ ዘካ የሚገባት ሆና ካገኘሃት ለብቻው ስጣት። ዘካተል ፊጥርም እንደዚሁ ነው።

ከእኔም አንድ ነገር ተጠየቀ። ሴትየዋ ቢያንስ በረመዷን ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ልጆቹ መስጂድ መጥተው ቁርአን ቢቀሩ፣ እሷም ፍጡር የምታዘጋጅበት ጊዜ ታገኛለች አለች። እውነቱን ለመናገር አመነታሁ፤ ምንጣፉ አዲስ ነው፣ አዛውንቶቹም ጩኸት አይወዱም። ኋላ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውን ራሴ ለስንት ሰው እንዳስተማርኩ አስታወስኩ። የክርስቲያኗ ልጅ በዚያ ሰዓት እዚያው ቤት ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የተቀሩት ስድስቱና የሴትየዋ ሁለቱ ልጆች ይመጣሉ። አንደኛው ጠዋሪያችን አሁንም ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ሌላኛው ተምር በኪሳቸው ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

ሴትየዋ ከዒድ በኋላ ትቀጥል እንደሆነ አልነገረችኝም። ከሦስቱ ሁለቱ ከፍለዋል። ሦስተኛው፣ ዘካውን የጠየቀኝ ሰው፣ በየሌሊቱ በተራዊሕ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ቆሞ አየዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ፈርሟል፣ ገንዘቡን ግን ገና አላመጣም። ነገ ከመግሪብ በፊት ቤቱ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።