ዛፍ ለመቍረጥ ለሚያስብ ባለቤት
ዛፍ የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ ጥላውን እንጂ ድንበሩን አያስብም፤ የጎረቤት ጠብም ከዚህ ይነሣል። ስለዚህ በኢጣልያ አገር ቤት የገዛ ወገናችን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማወቅ ይገባዋል። ሕጉ ረጅም ዛፍ ከድንበር 3 ሜትር፣ አጭሩ 1 ሜትር ተኩል፣ ወይንና ቍጥቋጦ ግማሽ ሜትር ርቆ እንዲተከል ያዛል። ከጎረቤት የተሻገረውን ሥር ባለመሬቱ ራሱ ሊቈርጠው ይችላል፤ ቅርንጫፉን ግን ባለዛፉ እንዲቈርጠው ያስገድደዋል እንጂ እርሱ መጥረቢያ አያነሣበትም። ከዚያ ቅርንጫፍ በራሱ የረገፈ ፍሬ ለወደቀበት መሬት ባለቤት ይሆናል። ይህም ሁሉ የአካባቢው ደንብ ወይም ልማድ ሌላ ካላዘዘ ነው። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ትልቅ ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቈረጥ ስለሚከለክሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ የተቈረጠ ዛፍ በዳኛ ፍርድ ተመልሶ አይቆምምና።