ሐዲዱን ሸጦ መሬቱን ማስቀረት፦ የሎስ አንጀለሱ የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ባቡር አወዳደቅ

የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ሤራ ነው፤ የመኪና፣ የጎማና የነዳጅ ኩባንያዎች ተመሳጥረው የሎስ አንጀለስን ቀያይ ባቡሮች አጠፏቸው ይባላል። ለትረካው መነሻ የሆነ የፍርድ ቤት ጉዳይ በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ጄኔራል ሞተርስና ግብረ አበሮቹ ናሽናል ሲቲ ላይንስ ለተባለው ድርጅት አውቶቡስና ተጓዳኝ ዕቃ የመሸጡን ንግድ በሞኖፖል ለመያዝ በማሤር ጥፋተኞች ተብለዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ድርጅት ቅርንጫፍ በ1945 የገዛው በከተማው ውስጥ ይመላለሱ የነበሩትን ቢጫ ባቡሮች ነው፤ ከተማን ከከተማ ያገናኙ የነበሩት ቀያዮቹ የሌላ ባለቤት ነበሩ። ስለዚህ የውድቀቱን ምክንያት ከኩባንያው አመሠራረት መፈለግ የተሻለ ይመስለኛል።

በ1901 ኩባንያውን ያቋቋመው ሄንሪ ሃንቲንግተን የባቡርም የመሬትም ነጋዴ ነበር። የሎንግ ቢች መስመር በ1902 ተከፈተ። ሐዲዱ ገና ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ የመሬት ኩባንያዎቹ ደግሞ በግራና በቀኝ ቦታ እየሸነሸኑ ይሸጣሉ። ዋናው ትርፍ ከቲኬት ሳይሆን ከዚህ ሽያጭ ይገኝ ነበር። የነገሩ ቁልፍ ግን በ1910 እና በ1911 የተደረገው ርክክብ ነው፤ ሃንቲንግተን ቀያዮቹን መስመሮች ለሳውዘርን ፓሲፊክ አስረክቦ ቢጫዎቹንና መሬቱን ለራሱ አስቀረ። ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ሐዲድ የወረሰው አዲሱ ባለቤት ሐዲዱ ዋጋውን ካናረው መሬት ድርሻ አልነበረውም፤ ለተሳፋሪ አገልግሎቱ የቀረለት የቲኬት ገቢ ነው፤ ታሪፉንም በራሱ ፈቃድ ከፍ ማድረግ አይችልም፤ የመንግሥት ኮሚሽን ይቆጣጠረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ የፈጠረው ችግር ነው። ባቡሩ ከከተማ ውጭ በራሱ ሐዲድ ይከንፋል፤ መሀል ከተማ ሲደርስ ግን ጎዳናውን ከመኪና ጋር ይጋራል፤ በየመስቀለኛውም ይቆማል። በ1925 ለሆሊውድ አቅጣጫ የተከፈተው የምድር ውስጥ መተላለፊያ አንድ ማይል ያህል ብቻ ነበር። እስከ ዋትስ ድረስ አራት ሐዲድ የነበረው የሎንግ ቢች መስመር ከሁሉም በላይ ዕድሜ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። እርሱንም በ1961 ዘግቶ በአውቶቡስ የተካው ከሦስት ዓመት በፊት የተረከበው የሕዝብ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው።

በ1990 ባቡር ወደ ሎንግ ቢች ተመለሰ፤ አብዛኛው ጉዞም በአሮጌው መስመር ላይ ነው። የግንባታው ገንዘብ ግን ከመሬት ሽያጭ ሳይሆን ነዋሪው በ1980 በድምፁ ካጸደቀው የግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ የመጣ ነበር።