በአሮጌ ፒካፕ ራዲያተር ውስጥ የሚያድገው ድንጋይ

አበው ሊቃውንት የፍጥረትን ነገር ሲመረምሩ ለእሳት ውዕየትንና ይብስትን፣ ለነፋስ ውዕየትንና ርጥበትን፣ ለውኃ ቁረትንና ርጥበትን፣ ለመሬት ቁረትንና ይብስትን እየሰጡ፣ አራቱ ባሕርያት በመጠን ሲስማሙ ፍጥረት ጸንቶ እንደሚኖር፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲሠለጥን ግን ጥፋት እንደሚመጣ ያስተምሩ ነበር። የዛሬው ሳይንስ ፍጥረትን የሚከፍለው በሌላ ሥርዓት ቢሆንም፣ የአሮጌ ፒካፕን ኮፈን ከፍቶ በማስተዋል የሚመለከት ሰው አራቱንም በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ያገኛቸዋል፤ እሳቱ በሲሊንደሩ ውስጥ፣ ውኃው በዙሪያው፣ ነፋሱ በማራገቢያው ፊት፣ መሬቱም በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ከዓይን ተሰውሮ ይኖራል። ይህ ጽሑፍ ስለ አራተኛው ነው፤ በቆላው አገር ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ በተሰወረው መሬት ምክንያት ነውና።

ኤረር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በምድር ባቡሩ መሥመር ላይ የተቆረቆረች፣ በፍል ውኃዋና በፍራፍሬ ተክሏ የታወቀች የሶማሌ ክልል ቆላ ከተማ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በዚያ የተቋቋመው የባቡር ጥገና ቤት ለአካባቢው ሁሉ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ብረት የመቀጥቀጥ፣ የመበየድና በቶርኖ የመቅረጽ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ረዳት እየተላለፈ እስከ ትንንሾቹ ከተሞች ዘልቋል። በግቢው ጥላ ሥር ሞርሳውን በግንድ ላይ ቸንክሮ፣ የቀረውን ዕቃ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ የሰውን መኪና ከሞት የሚመልስ ባለ እጅ በኤረርም በጅግጅጋም አይታጣም። እንዲህ ባለው ጥላ ሥር ከሚቆሙት መኪናዎች ዋነኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 መሠራት የጀመረው የቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ከአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮቹም ቱ ኤል የሚባለው ባለ 2,446፣ ስሪ ኤል የሚባለው ደግሞ ባለ 2,779 ኩብ ሳንቲ ሜትር ናቸው። ኤሌክትሮኒክ ሥራቸው ጥቂት፣ ብረታቸው ወፍራም ስለሆነ፣ ቁልፍና ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ሊፈታቸውና ሊገጥማቸው ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ድካም አለባቸው፤ ሙቀት አይችሉም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ወደ ሃያ ሁለት እጅ አጥብቦ ሲጭነው አየሩ ከመጨመቁ የተነሣ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ያለ ሌላ ጫሪ ይነድዳል። የነበልባሉ ግለት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል፤ ሞተር የሚቀረጽበት ብረት ግን በ1,200 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል። ብረቱ የማይቀልጠው እሳቱ ለቅጽበት ብቻ ስለሚቆይና ውኃው ከጀርባው ሙቀቱን ሳያቋርጥ ስለሚወስድለት ነው። በነዚህ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ እሳቱ በመጀመሪያ የሚጫረው የሞተሩ ራስ በሆነው በቴስታታው ውስጥ በተቀረጸች ትንሽ ጓዳ ስለሆነ፣ የጓዳዋ ግድግዳ ብዙ ሙቀት ወደ ውኃው ያሳልፋል፤ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለችውም ቀጭን የብረት ድልድይ ከሞተሩ አካል ሁሉ የበለጠ ትፈተናለች። መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ውኃው የሚቀበለው ሙቀት 50 ኪሎ ዋት ነው ብንል፣ ራዲያተሩ ሥራውን ፈጽሞ ቢያቆም አሥር ሊትር ውኃ ከ30 ዲግሪ ወደ 95 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይሞላውም። ሹፌሩ የሙቀት መለኪያውን አይቶ መንገዱን ተመልክቶ እንደ ገና መለኪያውን እስኪያይ ድረስ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

ከኤረር ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ጅግጅጋ የሚሄድ ፒካፕ፣ ከ1,200 ሜትሯ ድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ራስ ሲወጣ፣ ከዚያም በሐረርና በባቢሌ አልፎ ካራማራን ሲሻገር፣ ሌላ ፈተና ያገኘዋል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ግን የመፍያው ልክ አንድ ዲግሪ ግድም ስለሚቀንስ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ባለችው በጅግጅጋ 95 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ለዚህ መድኃኒቱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውኃውን በየካሬ ሳንቲ ሜትሩ እስከ 0.9 ኪሎ ግራም ድረስ አፍኖ ስለሚይዘው፣ በጅግጅጋ ከፍታ እንኳ የመፍያው ልክ ወደ 115 ዲግሪ ይወጣል። ጎማው ያረጀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን እነዚህን ሃያ ዲግሪዎች ሁሉ ያሳጣል። በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታሰር ክዳን ባየሁ ቁጥር ያዝናለሁ፤ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ያነሰው ነገር ዋጋው የበዛውን ሲገድል ማየት ነውና።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። የላይኛው ጎማ ቱቦ ፋሼታው ላልቶ ሲወልቅ፣ በራዲያተሩ አፍ ዙሪያ ነጭ፣ እዚህም እዚያም የዝገት መሥመር የገባበት ቅርፊት ይታያል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲፋቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ተመሳሳይነቱም በመልክ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸውና። ስባሪው በመዳፍ ተይዞ የሎሚ ጠብታ ቢያርፍበት ወዲያው ይንሾሾና ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ባለ እጁ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ድንጋዩ የኖራ ዘር መሆኑን በዚህ ያውቃል።

ይህ ኖራ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከተራራው ነው። የሐረርጌ ተራሮች ብዙ ክፍል ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አገሩ ከባሕር በታች በነበረበት ዘመን የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ የተተከለውም ይኸው ድንጋይ በአጠገቡ ስለ ነበረ ነው። የዝናም ውኃ በአፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይጠጣና ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ከዚያም በዓለቱ ስንጥቅ ሲወርድ ኖራውን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ወደ ቆላው ጕድጓድ ይዞት ይገባል። ጨውም ሆነ ስኳር ውኃው ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል፤ የኖራ ጠባይ ግን ተቃራኒ ነው። ውኃው ሲሞቅ የጠጣውን ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ ሲወጣም ኖራው ሟሙቶ መቆየት ተስኖት ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ድንጋዩ አብልጦ የሚጣበቀው እጅግ በጋለው ስፍራ ነው፤ ይኸውም በዚያች በቫልቮቹ መካከል ባለችው ድልድይ ጀርባ፣ ውኃው አብዝቶ ሊያቀዘቅዘው በሚገባው ቦታ። ቅርፊቱ ሙቀትን የሚያሳልፈው ብረቱ ከሚያሳልፈው ከሃያ እጅ አንዱን እጅ ግድም ስለሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር ብረት በእሳቱና በውኃው መካከል እንደ መጨመር ይቈጠራል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ውኃውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው» ይላል። ነገሩን በቍጥር ብንመረምረው እውነቱ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በሙቀት የሚወርድ ኖራ 400 ሚሊ ግራም አለ እንበል፤ ከ180 በላይ ኖራ ያለበት ውኃ እንኳ እጅግ ከባድ ከሚባለው ወገን ይመደባልና፣ ይህ ልክ ከመጥፎዎቹ የአንዱ ነው። አሥር ሊትር ውኃ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ቢዘጋ፣ ይዞት የገባው ኖራ አራት ግራም ብቻ ነው፤ እርሱን ካወረደ በኋላ ሌላ የሚያወርደው የለውም። ነገር ግን ከላላ ፋሼታ ወይም ከውኃው ፓምፕ ጥቂት የሚንጠባጠብበት መኪና፣ ሹፌሩ በየጧቱ ረዳቱን «ውኃ ጨምር» እያለ ሁለት ሁለት ሊትር ቢያስጨምርበት፣ በየቀኑ ስምንት አሥረኛ ግራም፣ በዓመት ወደ 290 ግራም ድንጋይ ይገባበታል። ከሚያፈስሰው ቀዳዳ የሚወጣው ውኃና እንፋሎት ነው፤ ኖራው በውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ሞተሩን የሚገድለው በየጧቱ የሚጨመረው ጀሪካን ነው፤ መጠገን የሚገባውም በመጀመሪያ ያች ጠብታ ናት። ቴስታታ ለማስወረድ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ አዲስ ፋሼታና አዲስ ጎማ ቱቦ ምንም አይደለም።

ጠብታዋ ከተናቀች የሚከተለውን እያንዳንዱ መካኒክ ያውቀዋል። ግማሽ ሜትር የሚሆን ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቴስታታው አንዱ ጫፉ ሞቆ ሌላው ባልሞቀ ጊዜ፣ ብሎኖቹም ጠፍረው ስለ ያዙት፣ መርዘሚያ አጥቶ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይንተከተካል፣ ከማርሚታው ነጭ ጢስ ይወጣል፣ ዘይቱም ከውኃ ተዋሕዶ ወተት ይመስላል። የወረደ ቴስታታ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና ስስ ቅጠሎች ባሉት መለኪያ ሲመረመር፣ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያለፈ ጕድለት ከተገኘበት ፊቱ ሳይላጭ መመለስ የለበትም። በመንገድ ዳር በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ይህንኑ ጥፋት በአንድ ጊዜ የሚያደርስ የቸኰለ ሥራ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቴርሞስታት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በቆላው ጋራዦች «አገሩ ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም» ተብሎ ተነቅሎ የሚጣለው ይህ ዕቃ፣ በ82 ዲግሪ ግድም ተከፍቶ ውኃውን ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው። በብዙ ሞተሮች ግን ሲከፈት ሌላውን የአቋራጭ መንገድ የሚዘጋውም እርሱ ራሱ ነው፤ በተነቀለ ጊዜ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር፣ የጋለው ውኃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ይፈላል። ደኅና መሆኑን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ምርመራው ቀላል ነው፤ ቴርሞስታቱን በሲባጎ አንጠልጥሎ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ማጥለቅና በቴርሞሜትር እያዩ ማሞቅ ነው። ውኃው እስኪፈላ ድረስ ካልተከፈተ ይለወጥ።

የተጋገረውን ድንጋይ ለማስለቀቅ የኤረር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሎሚ ጭማቂ ውስጥ በሊትር ወደ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ አለ፤ አንድ ግራም ድንጋይ ለማሟሟትም አንድ ግራም ከሩብ ግድም አሲድ ይበቃል። ያንን የዓመት ድንጋይ፣ 290 ግራሙን፣ ለመጨረስ ሰባት ሊትር ተኩል የሚሆን ጭማቂ ይጠይቃል፤ አቼቶም በዚህ ልክ ይሠራል፣ እንዲያውም ሎሚ የሚተወውን ነጭ አተላ ስለማይተው ይሻላል። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ራዲያተሩን አውርዶ፣ በለብታ ውኃ የተበረዘውን አሲድ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ አረፋው ሲያበቃ አፍስሶ ማጠብ፣ አስፈላጊም ከሆነ መድገም፣ በመጨረሻ ቢካርቦኔት በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቆ የቀረውን አሲድ ማብረድ ነው። የባትሪ አሲድ የሚጨምሩ ሰዎች ግን ሁለት ጊዜ ይበድላሉ፤ ይህ አሲድ ብየዳውንና ብረቱን ይበላል፣ ከኖራውም ጋር ሲገናኝ ጂፕሰም የሚባል በውኃ እምብዛም የማይሟሟ ሌላ ድንጋይ ይሠራና ያልተነካውን ኖራ ይሸፍነዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድንጋይ የሌለበትን ውኃ በመጀመሪያ ማስገባት ነው፤ ይህም ውኃ ከሰማይ በነፃ ይወርዳል። የሶማሌ አርብቶ አደሮች ዝናሙን ቢርካ በሚባል የሲሚንቶ ገንዳ አጠራቅመው ከብታቸውን በበጋ ሲያጠጡ ኖረዋል፤ የቢርካ ውኃ ከጕድጓድ ውኃ ይልቅ ለራዲያተር የሚስማማ ነው፣ ምንም እንኳ ሲሚንቶው ጥቂት ኖራ ቢለቅበትም። ከቆርቆሮ ጣራ የተቀዳው ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ነገር ግን ንጹሕ ውኃ ብቻውን ብረትን ስለሚያዝግ፣ ኩላንት ሊጨመርበት ይገባል፤ ቅዝቃዜ በሌለበት በእኛ ቆላ የኩላንቱ ጥቅም ዝገትን መከላከሉና የመፍያውን ልክ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ማድረጉ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ ሁሉ፣ ከረን የሚባለው የክረምት ዝናም በሐምሌ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናም ጣራውን ካጠበው በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ሁለት ጀሪካን ያዙ፣ ከኩላንት ጋር እኩል አደባልቁት፣ በጀሪካኑም ላይ ጽፋችሁበት ከቤት ውኃ ለዩት። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል መርዝ ነውና፣ ከልጆችና ከፍየሎች አርቃችሁ አስቀምጡት።