የውሻዎ ጠጉር በክብ ሲመለጥ

አንባቢ ሆይ፤ ግቢዎን በሚጠብቀው ውሻ ፊት ወይም ጆሮ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ መላጣ ቢያዩ፥ «እከክ ነው» ብለው ቸል አይበሉ። ከውሻው ጋር የሚጫወተው ሕፃን ጥቂት ቆይቶ በክንዱ ላይ ቀይ ክብ ይዞ ሊገኝ ይችላልና። ይህም በሰው ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት የምንለው ደዌ ነው። የሚያመጣውም ትል አይደለም፤ በቆየ እንጀራ ላይ ከሚወጣው ሻጋታ ጋር የሚዛመድ፥ ጠጉርንና የቆዳን ቅርፊት የሚመገብ ፈንገስ ነው እንጂ።

ነገር ግን ክብ ሁሉ ጭርት አይደለም። በውሻ ላይ ባክቴሪያም እንደዚሁ ክብ ያወጣል፤ የእከክ ተባይም ጠጉር ያረግፋል። የሦስቱ መድኃኒት ደግሞ ለየብቻ ነው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ፈራጁ ሐኪምም ቢሆን። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡትንማ ምን እንበላቸው! ውሻው ይልሰውና ይመረዛል።

ጠንቃቃ የእንስሳት ሐኪም አስቀድሞ ክፍሉን ያጨልማል። ከዚያም አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1903 በፈለሰፈው፥ ዓይን የማያየውን ጨረር በሚያወጣ መብራት ጠጉሩን ይመረምራል። ሐኪሞች ይህን መብራት ለጭርት መመርመሪያ ያዋሉት በ1925 ነው። ጠጉሩ እንደ አረንጓዴ ፖም ሆኖ ቢያበራ፥ ማይክሮስፖሩም ካኒስ የተባለው ፈንገስ እንዳለ ያመለክታል። ባያበራ ግን ውሻው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ከአፈርና ከአይጥ የሚመጡት ዓይነቶች አያበሩም፥ ካኒስ ራሱም ሁልጊዜ አያበራም። ቅባትና ፎረፎር ደግሞ ያለ ፈንገስ እያበሩ ያታልላሉ።

ቀጥሎ ሐኪሙ ከመላጣው ዳር ጥቂት ጠጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ያያል። የታመመው ጠጉር ያበጠና የተሰባበረ ነው፤ የፈንገሱም ዘር እንደ ዱቄት ከብቦታል። ቆዳውንም ፋቅ አድርጎ የእከክ ተባይ ይፈልጋል።

የበለጠ የሚያስተማምነው ግን ዘሩን ማብቀል ነው። ሐኪሙ ባልተነካ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ውሻውን አበጥሮ፥ ብሩሹን የፈንገስ ምግብ ባለበት ሳሕን ላይ ይጫነዋል። የታወቀው ምግብ በፈረንሳዊው ሐኪም በሬይሞን ሳቡሮ ስም ይጠራል። ሻጋታው እስኪበቅል ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ ነው። ቀለም የተጨመረበትም ዓይነት አለ፤ የጭርት ፈንገስ ሲበቅልበት ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል። ሌላም ሻጋታ ዘግይቶ ያቀላዋልና፥ የበቀለው እንደ ገና በማይክሮስኮፕ ይረጋገጣል።

ውጤቱን ሲጠብቁ ውሻውን ከሕፃናት ያርቁ፤ ከነኩትም በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የሚተኛበትን ጨርቅ ደጋግመው ያጥቡ፤ በረገፈው ጠጉር ላይ ያለው ዘር ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያልና። ሕክምናው ተጀምሮ አዲስ ጠጉር ስለ በቀለ ብቻ መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ብሩሹን ዳግመኛ አንሥቶ ያበጥረው፥ ሳሕኑም ባዶ መሆኑን ይይ።