ዓላማዎ ስንት ዓመት ይፈጃል?

የቆሼ አካባቢ ገበሬ በርበሬ ለገበያ ለማድረስ ሲያስብ አስቀድሞ ችግኝ ያፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ያዛውራል። የኑሮ ዓላማም እንዲሁ ጊዜ ሊቆረጥለት ይገባል። «እማራለሁ» ምኞት ነው፤ «ያቋረጥኩትን ትምህርት በ3 ዓመት እጨርሳለሁ» ግን ዓላማ ነው።

ይህ ዓላማ ባልታቀደ እርግዝና እንዳይሰናከል ከባለቤትዎ ጋር ተመካክረው መከላከያውን በዓላማዎ ልክ ይምረጡ። መርፌው ለ3 ወር ይሠራል፤ ካቆሙት በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ በማህፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ 10 ዓመት ያህል ያገለግላል። ሐሳብዎ ቢለወጥ ሁለቱንም ባለሙያ ያወጣልዎታል።

ወደ ምክር ክፍሉ ሲገቡ «ለስንት ዓመት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዘው ይግቡ።