አሮጌ ሚኒባስ ሲታደስ ቀለሙ ይቆይ

የወልዲያ፣ የደብረ ታቦርና የላሊበላ መንገዶች በሚገናኙባት ጋሸና አሮጌ ቶዮታ ሃይስ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጃፓን ውስጥ የተዋወቀው ይህ መኪና አገራችን ሲገባ ብዙውን ጊዜ መስኮት አልባ የዕቃ መጫኛ ነበር፤ ላሜራው ተቆርጦ መስታወት፣ ወለሉ ተበስቶ ወንበር የተገጠመለት እዚሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ስላስወደደ፣ ያለውን ማደስ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። እድሳቱ ግን ከቀለምና ከወንበር ልብስ መጀመር የለበትም። ዝገት በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ሲቀባ አዲስ ይመስላል፤ ማግኔት ቢያስጠጉበት ግን አይዝም። ወንበር የታሰረበት ወለል እንዲህ ከሆነ ተሳፋሪው የተቀመጠው በስቱኮ ላይ ነው።

«አሮጌ መኪና ያጨሳል፣ ፍሬኑም አይታመንም» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥቁሩ ጭስ ሁልጊዜ የእርጅና ምልክት አይደለም። በላስታ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ይዞ ሲወጣ የሚረጨው ናፍጣ ከአየሩ ይበልጣል፤ ፖምፓው ሲስተካከል ጭሱ ይቀንሳል። የቆየ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በረጅም ቁልቁለት ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። ይህ በዘይት ቅያሪ የሚድን ነው። የልጆች የትምህርት ወጪና የጋራዥ ሒሳብ ከአንድ ኪስ ለሚወጣበት ቤት እድሳቱን ከፍሎ መሥራት ይሻላል፤ መጀመሪያ ፍሬንና መሪ፣ ቀጥሎ ወለል፣ ገንዘብ ሲገኝ ቀለም።